አውድማው ላይ ያገኘሁት ታማሚ

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ነርሷ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ "አይዞሽ፣ እይው" አለችኝ። ከእምብርቴ በስተግራ ትንሽ ቀይ ነገር ብቅ ብሏል። እንደ ከንፈር ውስጥ እርጥብ ነው፤ ሲነኩት አያምም። አንጀቴ ነበር። የታችኛው ጫፉ ላይ የበቀለብኝን ዕጢ ቆርጠው ሲያወጡ መውጫውን ዘግተው በሆዴ በኩል አወጡልኝ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኬን የምጸዳዳው ሆዴ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው። ሐኪሙ መትረፌን ሲያበስረኝ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ ግን አልነበረም።

ሰበታ፣ ቤቴ ተመለስኩ። ቁስሌ ሲድን ወደማስተምርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ገባሁ። ችግሩ ያ ቀይ ነገር የራሱ ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። ሳይጠየቅ ይናገራል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ እሱ ጮክ ብሎ ያጉረመርማል። እኔ ቶሎ ብዬ ወንበር እጎትታለሁ፣ ወይም አስላለሁ፣ ወይም ያልተዘጋ መስኮት ልዘጋ እሮጣለሁ። እንዳይናገር ብዬ ምግብ ቀነስኩ። ቅዳሴ ተውኩ፣ ልደትም ሰርግም ስጠራ ራሴን አመመኝ እላለሁ። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱ ደግሞ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ እጁ እንጂ አፉ ብዙ አይሠራም። ማታ ማታ ሳህኔ ላይ የቀረውን እንጀራ እያየ ማዕዱን ያነሳል።

ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። "በእናንተ በኩል፣ ፉሪ፣ ከአንቺ በፊት እንዲህ የሆኑ አንድ አባት አሉ። አዲስ ሰው ሲመጣባችሁ ወደኔ ላኩት ብለውናል። ሄደሽ አዋሪያቸው።" እሺ ብዬ ወጣሁ እንጂ አልሄድኩም። በሐሳቤ የማያቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ደርበው የተኙ ሽማግሌ ነበሩ። የነገዬን እኔን ሄጄ የማየት ድፍረት አልነበረኝም።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የዙሪያውን ገበሬ መሬት ይወስዳል የሚለው ተቃውሞ ሲበረታ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ዋናው መንገድ ላይ ድንጋይና ግንድ ተጋደመ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ሱቆች በራቸውን ቆለፉ። ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል፤ የማን ልጅ ታሰረ፣ የማን ልጅ ተመታ ይባላል። ከረጢቱ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው። የለበስኩት የመጨረሻው ሆኖ ጠርዙ መላቀቅ ሲጀምር ባለቤቴ መዶሻውን አስቀምጦ ተነሳ።

"እኚያ ነርሷ የነገረችሽ የፉሪ አባት ከረጢት አይጠፋቸውም። ጫማሽን አድርጊ።"

"በዚህ ቀን?"

"በእርሻው በኩል እንሄዳለን።"

ጠዋቱን በእግራችን ወጣን። የአስፋልቱ ማቋረጫ ላይ ወጣቶች አስቆሙን። ባለቤቴ በኦሮምኛ፣ ታማሚ ይዤ ነው አላቸው። አንደኛው ፊቴን አየና "እህታችንን ቀስ እያደረግክ ውሰዳት። በዚያ በታች እለፉ፣ እዛ ጭስ የለም" ብሎ መንገዱን አሳየን።

ፉሪ ስንደርስ ጠይቀን የተጠቆምንበት ግቢ በር ላይ አንዲት እናት ቆመው ነበር። "ኮታ! ሴና! ኑ፣ ግቡ" አሉን። ከቤቱ ጀርባ ባለው አውድማ ላይ ረጅም፣ መላጣ ሰው በሬዎች እየነዱ ጤፍ ያበራያሉ። ለበሬዎቹ ይዘፍኑላቸዋል። ወደሳቸው ቀረብ ብዬ ሰላም አልኩና "ኦቦ፣ ታማሚው አባት የት ናቸው?" አልኳቸው።

"የትኛው ታማሚ?"

ድምፄን ዝቅ አድርጌ "በሆዳቸው በኩል... የተሠራላቸው" አልኩ።

ሰውየው ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሸሚዛቸውን ከፍ አደረጉ። ከተጣጠፈ ነጠላ የተሰፋ ሰፊ መቀነት ወገባቸውን ዞሮ ይዟል፤ ከሥሩ ያ የማውቀው ከረጢት አለ። "ይኼውና ታማሚው!" ብለው ሳቁ። ባለቤታቸውም ከበሩ ሳቁ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ፊታቸው የፈካ፣ እሳቸው ጠንካራ፣ እሳቸው ጤነኛ ነበሩ።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። እናትየው ወደ ጓዳ ወስደው፣ ሙቅ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ሰጥተው፣ ከረጢቴን እንድቀይር ረዱኝ። የልጃቸው ሚስት ከአዲስ አበባ የምታመጣላቸውን ከረጢት ያጠራቅማሉ፤ ለእኔም መንገዱ እስኪከፈት የሚበቃ አካፈሉኝ። የባላቸውን መቀነት የሰፉት እናትየው ናቸው። ወገቤን በክንዳቸው ለክተው "ላንቺም እሰፋልሻለሁ" አሉኝ። ሰው ሆዴን እያየ እንዲህ ዘና ብሎ ሲያወራኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከጓዳ ስንመለስ ሽማግሌው "ለመሆኑ ምን ትበያለሽ?" አሉኝ።

"ሻይና ዳቦ። ትንሽ ሩዝ።"

"ሰው ነሽ ወይስ ድንቢጥ?"

"እንዳይጮህብኝ ብዬ ነው፣ አባቴ።"

"ባዶ ሆድ ነው የሚጮኸው! ብይ፤ ቀስ ብለሽ አኝከሽ ብይ።"

የገብስ ጭኮ በቅቤ ታሽቶ ቀረበ፣ እርጎ ቀረበ። ሽታው ብቻ አስለቀሰኝ። አንድ ጎረስኩ፣ ደገምኩ። ባለቤቴ መብላቱን ትቶ እኔን ያያል። ወሬው ወደ መሬቱ ሄደ፤ በእርሻቸው ጫፍ የቅየሳ ካስማ ተተክሎ እንደነበር፣ አሁን ማን እንደነቀለው እንደማይታወቅ ነገሩን። "ነገ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል። ዛሬ ግን ጤፌን ላስገባ" አሉ። ሁላችንም ዝም አልን።

በዚያ ዝምታ መሐል ሆዴ አጉረመረመ። ረጅም፣ ለዛ ያለው ማጉረምረም። የምገባበት ጠፋኝ፤ የምጎትተው ወንበር እንኳ አልነበረም። ወዲያው ከሽማግሌው መቀነት ሥር ወፈር ያለ ድምፅ መለሰ።

"ሰላምታ ተለዋወጡ" አሉ ኮስተር ብለው።

ባለቤቴ ነው ቀድሞ የፈነዳው። ያ ዝምተኛ ሰው ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔም ሳቅሁ፤ ስፌቴ የነበረበት ቦታ እስኪያመኝ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳቅሁ። ከታመምኩ ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

መንገድ ሲከፈትና ትምህርት ሲጀመር ልጆቹን ሰብስቤ "ሆዴ ታክሞ ነው፣ አንዳንዴ ይናገራል" አልኳቸው። ለሁለት ቀን ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ፤ ከዚያ ሰለቻቸው። ቤተ ክርስቲያንም እንደ ድሮዬ ፊት መቆም ጀመርኩ።

የዚያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ እህቴ ሱሉልታ አገባች። ቀሚሴ ሥር አዲሱን መቀነት አሰርኩና ሄድኩ። ሙሽራዋን ለብቻዋ አግኝቼ ነገርኳት። አቀፈችኝና "ለዚህ ነው እንዴ የጠፋሽብኝ? እኔ እኮ ተቀይመሽኝ መስሎኝ ነበር" ብላ ኩሏን አበላሸች። እንደገና ኩል ስንቀባላት ከውጭ ከበሮው ጀመረ። በድንኳኑ በአንዱ በኩል እስክስታ፣ በሌላው የሙሽራው ወገኖች ጭፈራ ደምቋል። ባለቤቴ እጄን ያዘና፣ እጁ እንጂ አፉ የማይሠራው ሰውዬ፣ መሐል ድረስ ጎትቶ አስገባኝ። ትከሻዬ አልረሳም ነበር። አጎቶቼ "እሰይ! እሰይ!" እያሉ ከበቡኝ፣ እኔም ላብ በፊቴ እስኪወርድ ጨፈርኩ። ከዚያ ራበኝና የማንንም ፈቃድ ሳልጠብቅ ሄጄ ሳህኔን ሞላሁ።