ሳይከፈት የተጣለው መልእክት

ቆራጯ የማታውቀው ነገር ካለ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። ጎረቤት በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ካየች ምን እንደተጫነ ሳታጣራ ምሳዋ አይዋጥላትም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሰዎች ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ከወረዱባት ቀኑን ሙሉ መጨረሻውን ራሷ እየፈጠረች ትውላለች። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይቺን ልጅ ወሬ የጀመረላት ሰው ካልጨረሰላት እቤቱ ድረስ ተከትላው ትገባለች ትል ነበር።

ቆራጭ የተባለችው በሥራዋ ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው መጋረጃና የሶፋ ልብስ በሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ፣ መቀስ ይዛ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ተዘርግቶ፣ በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ብናኙ እየጨፈረ፣ በጠመኔ ታሰምርና ትንፋሿን ውጣ መቀሱን ታስገባለች፤ አንዴ ከጀመረች ዳር ሳታደርስ አታነሳውም። ጉልበቷ መቆም እምቢ ሲላት ባለቤቱ ሰውዬ አላባረራትም፤ ከበሩ አጠገብ ወዳለችው የትዕዛዝ መቀበያ ጠረጴዛ አዛወራት። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ። ደንበኞች የመስኮታቸውን ልክና የሚፈልጉትን ቀለም በኢሜይል ይልካሉ፣ እሷ ተቀብላ ለቆራጮቹ ታስተላልፋለች።

መጀመሪያ ማውዙን እንደ ትኩስ ካውያ በጣቷ ጫፍ ነበር የምትይዘው። እያደር ግን ወደደችው። ለካ ሰው የመስኮት ልክ ሲልክ ሳይታወቀው ኑሮውንም አብሮ ይልካል። አንዱ፣ ባለቤቴ የምትተኛው ቀን ስለሆነ ብርሃን ድርሽ የማያሰኝ ይሁን ብሎ ይጽፋል። ሌላዋ ደግሞ ጎረቤቴ እኔን እንዳታየኝ፣ እኔ ግን እንዳያት የሚያደርግ ጨርቅ አላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ቆራጯ ይህን ስታነብ ብቻዋን ትስቃለች። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ቢከፍሏትም ሳታነበው አታልፍም።

ለዚህ ነው ያን ሰኞ ያደረገችው ነገር ለራሷም የገረማት።

ነገሩ የሚጀምረው ሌላ ከተማ ካለው ከታላቅ እህቷ ቤት ነው። የእህቷ ሴት ልጅ ሥራ አግኝታ ሩቅ አገር ልትሄድ ሻንጣዋ በሚታሰርበት ቀን፣ ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ሳለ፣ እናትየው የሻንጣው እጀታ ላይ ተደፍታ አልነሳም አለች። ቆራጯ በቀስታ፣ እባክሽ እታለም፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት፣ ሆዷን ሳታባቢ ሸኚያት አለቻት። ታላቅየው ቀና ብላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «አንቺ መቼ ወልደሽ ታውቂና ነው!» አለቻት።

ቆራጯ አልወለደችም። ስላልፈለገች አልነበረም፤ እንዴት እንደነበረ እሷና ፈጣሪዋ ያውቁታል፣ ሦስተኛ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ያቺው እህቷ ነበረች። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ፣ ልጅቷን ስማ፣ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ እህቷ ስልክ ትደውላለች፣ እሷ አታነሳም። ቆይቶ ስልኩም ቆመ። ለምን እንደቆመ ማወቅ በጣም ትፈልጋለች፤ ግን ደውሎ መጠየቅ ማለት ማንሳት ማለት ስለሆነ ቻለችው።

ሰኞ ጠዋት ኢሜይሉን ስትከፍት ከመጋረጃ ትዕዛዞቹ መሃል የእህቷ ስም ጎላ ብሎ፣ ሳይነበብ እንደተቀመጠ አገኘችው። ርዕስ እንኳ የለውም። ቆራጯ ደሟ ፈላ። ይሄኔ ነው የእናቷ ጠባይ የመጣባት። እናታቸው ስትቀየም አትጮህም፣ አትሳደብም። ያስቀየማት ሰው ዕቃ ቋጥሮ ሲልክላት ቋጠሮውን ሳትፈታ በመጣበት እጅ ትመልሰዋለች። ሰውየው የራሱን ቋጠሮ እንደቋጠረው ሲያገኘው መልእክቱ ይገባዋል። ቆራጯም የእህቷ ስም ላይ ቆማ፣ ሳትከፍት፣ ሰርዝ የሚለውን ተጫነች። መልእክቱ ከዓይኗ ተሰወረ። እንግዲህ ቋጠሮሽን ተቀበይ አለች በልቧ።

ማሽኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ በዓይኗ ነው የለመደችው። እናም ሰርዝ ማለት ለእሷ አልቀበልም፣ ወደ ላኪው ይመለስ ማለት ነበር። በየቀኑ የሚመጡትን የማስታወቂያ መልእክቶችም እንዲሁ ስትመልስ ነው የኖረችው። የሚገርማት የነጋዴዎቹ ዓይን አውጣነት ነበር። ዛሬ መልሳባቸው ነገም ይልካሉ።

ማክሰኞን ጠበቀች። እህቷ ትቆጣለች፣ ወይ ሌላ ትልካለች፣ ወይ ሰው ትልክባታለች ብላ አሰበች። ምንም የለም። ረቡዕም ምንም። ያኔ ያ የጥንት ጠባይዋ ከተኛበት ነቃ። ምን ብላ ይሆን የጻፈችው? ይቅርታ ይሆን? ወይስ ሌላ ስድብ? ልጅቷ ምን ሆናባት ይሆን? የአንድ ሆቴል መጋረጃ ትዕዛዝ ስታስተላልፍ ቁመቱን በወርዱ ቦታ ጽፋ ቆራጮቹ ሳቁባት። አንድ ትልቅ ሰው ያልከፈተው ደብዳቤ እንዲህ እንደሚያንገላታው ማን ያውቅ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲጠጡ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ለሚጠብቀው ሰውዬ ነገሩን አዙራ አነሳችበት። ሰውየውን አያልቅበት ይሉታል፤ ጨዋታ አያልቅበትም፣ ብልሃትም አያልቅበትም። እሷም አንድ ሰው መልእክት ሲመለስበት እስኪደርሰው ስንት ቀን ይፈጃል ብላ ጠየቀችው። አልገባውም። የምን መመለስ ነው አላት። ሰርዝ ተብሎ ሲመለስ ነዋ አለች። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀምጦ አያት።

«እትዬ፣ አንቺ ስትሰርዢ ወደ ላከው ሰው ይሄዳል ብለሽ ነው?»

«ታዲያ ወዴት ይሄዳል?»

አያልቅበት በሩን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እነዚያን ነጋዴዎች ሁሉ ስታሳፍሪያቸው ከርመሻል አላት። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ አስረዳት። የተሰረዘ ነገር ከቤት አይወጣም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ያለውን የቁራጭ ሳጥን ታውቂው የለ፣ እዚያ እንደሚጣል ጨርቅ ቁጠሪው፤ እዚሁ ማሽኑ ውስጥ የተሰረዙ የሚባል ቦታ ይገባል። ላኪው ሰው ምንም አያውቅም። ደርሷል፣ አንብበውታል ብሎ ነው የሚያስበው።

ቆራጯ ጉልበቷን ረስታ ተነሳች። እህቷ አንብባዋለች፣ አንብባም ዝም ብላኛለች ብላ ነው ማለት ነው ሳምንቱን የሰነበተችው። ይሄ እናታቸው ታደርገው ከነበረው ሁሉ የከፋ ነው። የተመለሰ ቋጠሮ እንኳ ተቀይሜያለሁ ይላል፤ ዝምታ ግን ምንም ሊል ይችላል።

ሁለቱም ኮምፒውተሩ ጋ ሄዱ። አያልቅበት የተሰረዙ የሚለውን ከፈተው። ባዶ ነው። ራሱን አከከ። ባለቤቱ ሰውዬ የተዝረከረከ ነገር ስለማይወድ ፕሮግራሙ ማታ ሲዘጋ ያንን ቦታ እንዲያራግፍ አድርጎ ማሠራቱ ትዝ አለው። የቁራጭ ሳጥኑን በየማታው ማስደፋታቸው ያንሳቸዋል እንዴ አለ፣ ግን አሁን አልሳቀም።

«ምን ነበር የጠፋብሽ?»

«ትዕዛዝ ነው።»

«ለትዕዛዝ ጉልበትሽን አትረሺም እትዬ» አላት፤ ሌላ አልጠየቃትም።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አምና እሱም የአንድ ሆስፒታል ትዕዛዝ እንዲሁ ጠፍቶበት እንደነበር፣ ያኔም ከተራገፈ በኋላ አንድ ሌላ ማቆያ እንዳለ ማወቁን እየነገራት ይነካካል። የተራገፈውን መልእክት ደብዳቤውን የሚያመላልሰው ትልቁ ኮምፒውተር ለጥቂት ጊዜ ይይዘዋል፤ ጊዜው ካለፈ ግን ያን ማሽን የሠራው ሰው ራሱ ቢመጣ አያወጣውም። ባዶው ቦታ ላይ እንድትቆም አደረጋት። ከላይ ካሉት መደዳ ቃላት አንዱን ሲያስነካት ዝርዝር ወረደ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የተሰረዙትን መልሶ ማውጫ የሚል አለ። እሷው ተጫነችው።

አንድ ሌላ መስኮት ተከፈተ፤ የጣለችው ሁሉ እዚያ ተሰልፏል። የጫማ ማስታወቂያው፣ የክብደት መቀነሻው፣ ያቺ ጎረቤቷን ማየት የምትፈልገው ሴትዮ ምስጋና ሳይቀር፣ በስህተት ከማስታወቂያዎቹ ጋር ተጥሎ። ቆራጯ በጭንቀቷ መሃልም ቢሆን ዓይኗ ሴትዮዋ ላይ ቀረት አለ፤ አያልቅበት በክርኑ ጎሰም አደረጋት። ወረድ ስትል የእህቷ ስም አለ። መረጠችው፤ ወደ ቦታው መልስ የሚለውን ተጫነች። ወደ ተሰረዙት ቦታ ተመልሶ ገባ፣ ከዚያም በማውዝ ጎትታ ከትዕዛዞቹ ጋር አስቀመጠችው። አያልቅበት ተነስቶ ወደ ደጅ ዞረ። ፊቱን እንጂ ጆሮውን አላዞረም።

መልእክቱ አጭር ነበር።

«ደህና ነሽ ወይ። እኔ ጆሮዬ ከዳኝ። ስልክ ሲጮህም አልሰማም፣ ሰውም ሲናገረኝ አፉን ነው የማየው፤ መደወሉን የተውኩት ለዚህ ነው። ይሄን የጻፈችልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። የጆሮ ሐኪሙ ያለው አንቺ ከተማ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እገባለሁ፣ አንቺ ዘንድ ልረፍ። አትምጪብኝ ካልሽ ጻፊልኝ፣ ዘመድ ቤት እፈልጋለሁ። ዝም ካልሽ ግን ነይ እንዳልሽኝ እቆጥረዋለሁ።»

ቆራጯ ደጋግማ አነበበችው። ከመስመሩ መሃል ያን ቀን ስለተባለው ነገር አንድ ቃል ፈለገች። የለም። ይቅርታ የለም፣ አጥፍቻለሁ የለም፣ ደህና ነሽ ወይ ብቻ። ቅዳሜ ማለት ደግሞ ነገ ነው። ሳታውቀው ሳምንቱን ሙሉ ነይ ስትላት ሰንብታለች።

መልስ መጻፊያውን ከፈተች። አትምጪ ብላ ብትጽፍ ገና ይደርሳል። ነጩ ቦታ ላይ ያቺ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። «አትም» ድረስ ጻፈች። ከዚያ እህቷ መናኸሪያ ውስጥ ቆማ ታየቻት፤ ከኋላዋ መኪና ጡሩንባ እየነፋ፣ ወያላ እየጮኸ፣ እሷ የሰውን ሁሉ አፍ አፉን እያየች። የጻፈችውን አጠፋች። ኮምፒውተሩን ዘጋችው። የእስከዛሬው ዝምታዋ ሳታውቅ ነበር፤ አሁን ዝም ያለችው አውቃ ነው።

በማግስቱ ገና ረፋዱ ሳይደርስ መናኸሪያ ነበረች። እህቷ ከአውቶቡሱ ስትወርድ አንሳ ታየቻት፤ ዘንቢሏን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ቆራጯ ብትጠራት እንደማትሰማ ስላወቀች ሰውን በክንዷ እየገፋች ሄዳ ትከሻዋን ነካቻት። እህቷ ዞረች። ከዚያ ታላቅየው፣ ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብላ፣ ዝም ስትዪኝ ደስ አለኝ አለቻት። አልተቀየመችም ማለት ነው ብዬ ገባሁልሽ አለች።

ቆራጯ ይህን ውሸት ይዛ እቤቷ መግባት አልቻለችም። አፏን እንድታይላት ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ሳላነበው ነው የጣልኩት!»

አጠገባቸው ሻንጣ የሚጭን ሰውዬ ዞር ብሎ አየ። እህቷ ከንፈሯን በዓይኗ ተከትላ ጨረሰች። ዘንቢሏን ወደ ደረቷ ይበልጥ አስጠጋች።

«ታዲያ ማን ነግሮሽ መጣሽ?»

«ትናንት መልሼ አወጣሁት።»

«የጣልሽውን? ከየት?»

እንግዲህ ቆራጯ መናኸሪያው መሃል ቆማ፣ በእጇ ጭምር እያሳየች፣ የተሰረዙ የሚባለውን ቦታ፣ እሱ ከተራገፈ በኋላ ያለውን ማቆያ፣ ሁሉንም በጩኸት አስረዳች። ሻንጣ ጫኙ ሰውዬ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። ታላቅየው የምትሰማው በዓይኗ ነው፤ ዓይኗ ግን እየበራ መጣ። እሷም ብትሆን የዚያችው እናት ልጅ ናት፣ ወሬ ካልተጨረሰላት አይሆንላትም። ቀስ ብላ ወደ እህቷ ጠጋ አለች።

«ያቺ የጎረቤት ልጅ በመጀመሪያ የጻፈችልኝ ሌላ ነበር» አለች። «ረጅም ነበር። ስለዚያ ቀን። አንብቢልኝ ስላት በልጅ አፍ ሳየው አፈርኩና አጥፊው አልኳት፤ ሳይላክ ጠፋ። እሱስ ይወጣል?»

ቆራጯ ያልተላከ ነገር እሷ ዘንድ የሚወጣበት መንገድ እንደሌለ ታውቅ ነበር፤ ይህን ለማወቅ አያልቅበት አያስፈልጋትም። ዘንቢሉን ከእህቷ እጅ ተቀበለች።

«ምን ይል ነበር?» አለቻት፣ ቃሉን በከንፈሯ ጎላ አድርጋ።

እህቷ ግራና ቀኙን አየች። በዚያ ሁሉ ጩኸታቸው መናኸሪያው ግማሹ ጉዳያቸውን እንዳወቀ ለእሷ አልታወቃትም።

«እቤት እንግባና እነግርሻለሁ» አለች በከፍተኛ ድምፅ። «እዚህ ሰው ይሰማናል።»

ቆራጯ ያን ቀን ጉልበቷን አላስታመመችም። ታላቋን በክንዷ ይዛ፣ እያቻኮለቻት ነበር የሄደችው።