አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው

አባቴ ሞጣ ላይ የቅኔ መምህር ነበሩ። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው፤ እኔም ልጃቸው ሆኜ ሳለሁ «አባባ» የምላቸው ስንጨቃጨቅ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት «አባባ» የሚለው ቃል ከአፌ ጠፍቶ አያውቅም። የምንጨቃጨቀውም በአንድ ሰው ነበር።

ሰውየው ቢቸና ላይ አብሮኝ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር ነው። የየጁቤ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጣቶቹ ማረፍ የማያውቁ። ተማሪዎቹ ሲሰለቹበት ከአንዱ ጆሮ ሥር ጠመኔ ያወጣላቸዋል፣ ሳንቲም በመሐረብ ጠቅልሎ ያጠፋላቸዋል። ይህን ሁሉ ያስተማረው እሱ ራሱ ተማሪ ሳለ የፊዚክስ መምህሩ የነበረ አንድ ሕንዳዊ ነው። እኔንም ያጠመደኝ በዚሁ ነው፤ አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ ጠፋብኝ ብዬ ሰው የከሰስሁበትን እስክርቢቶ ከሹሩባዬ ውስጥ አወጣው። ተናድጄ ሦስት ቀን አላናገርሁትም። በአራተኛው ቀን እኔው ራሴ ሄጄ «ለመሆኑ እንዴት አድርገህ ነው?» አልሁት። አለቀ።

ወሬ ደግሞ ከቢቸና ሞጣ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። «የየኔታን ልጅ የያዛት አስማተኛ ነው» ተባለ። በጥር ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ሽማግሎቹን በወጉ አስቀምጠው፣ ጠላ አጠጥተው፣ «ልጄን ለመምህር እሰጣለሁ፤ ለአስማተኛ ግን አልሰጥም» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን በአፋቸው አላስገቡትም። «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉት። እኔ ስሙን ከጠራሁ እጃቸውን ያወናጭፉና ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ።

ሽማግሎቹ ከፋሲካ በኋላ ዳግመኛ ሊመጡ ነው። አባቴ ሁለት ጊዜ እንቢ ያሉትን ነገር በሦስተኛው እሺ ብለው አያውቁም። እሱም ካልሆነለት ወደ ሌላ አውራጃ ለመዛወር ማመልከቻ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሌላ ሰው አልፈልግም ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፣ ምን አሽሞነሞነው።

ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በእህል ጫኝ ኤንትሬ መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሞጣ ገባን። እኔ እቤቴ፣ እሱ ሆቴል። መንገዱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ ነበርና አቧራው ውስጥ ሐሳቡን ነገረኝ፤ ለአባቴ በዓይናቸው ሊያሳያቸው ነው። በሆቴሉ የበዓል ራት አዘጋጅቶ፣ በገዛ ቀለበታቸው ፊት ለፊታቸው ይሠራና፣ ሲያበቃ እንዴት እንደሠራው አንድ በአንድ ይነግራቸዋል። «የጣት ቅልጥፍና እንጂ አስማት አለመሆኑን ካዩ ምን ይላሉ?» አለኝ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ። ረዳቱም እኔው ልሆን ተስማማሁ።

የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ማመልከቻው ላይ «አጉል እምነትን የሚዋጋ የሳይንስ ትርኢትና የራት ግብዣ» ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ግጥም አድርጎበት እኔም እመጣለሁ አለ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ጉድ ያፈላችው ባለሆቴሏ ናት። ሳይንስ ብሎ ራት የሚበላ ሰው የት አለ ብላ፣ በካርቶን ላይ በቀይ ቀለም «ዛሬ ራትና የአስማት ምሽት» አስጽፋ በሩ ላይ ሰቀለችው።

አባቴን ያመጣቻቸው አክስቴ ናት፤ ታላቅ እህታቸው። አባቴ በዚህ ዓለም የሚፈሩት እግዚአብሔርንና እሷን ነው። ባለሆቴሏ የሰንበቴ ጓደኛዋ ስለሆነች ግብዣው ቢቀር ነውር ነው ብላ አስነሳቻቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት የቅኔ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። ሰዓት እላፊ ስላለ ሁሉም ነገር በጊዜ ነበር የሚያልቀው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ ለተማሪዎቻቸው እንደሚያስረዱ። «በግእዝ አንዱ ስም፣ ሲበዛ አስማት። ለመሆኑ ዛሬ የሚጠራው የማን ስም ነው?»

«የዶሮ ስም ነው፤ ግባ» አለቻቸው አክስቴ፣ ከኋላ ገፋ አድርጋ። ገቡ።

አዳራሹ በማሾ ብርሃን ቦግ ብሏል። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ መምህራኑ ከጎን፣ አባቴና አክስቴ መሀል። የሳይንሱ መምህር ጀመረ። ክር ቆርጦ መልሶ ቀጠለው። ባዶ የነበረውን የሊቀመንበሩን ባርኔጣ በቆሎ ሞላው። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አክስቴማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ወይ ጉድ» ስትል አመሸች። አባቴ ብቻ ፊታቸውን እንደ ቋጠሩ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ሊስቁ ሲሉ የየኔታን ፊት ያዩና መልሰው ይውጡታል።

ከዚያ ወደ እሳቸው መጣና ጎንበስ ብሎ ቀለበታቸውን ለመናቸው። ቀለበቱ የእናቴ ነው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ አባቴ በትንሿ ጣታቸው ያደርጉታል፤ ቀጭን የብር ቀለበት ነው። ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ሸፈኑ። አክስቴ በክርኗ ነካ አደረገቻቸው። አውልቀው መዳፉ ላይ አስቀመጡለትና አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ።

«አደራ።»

በመሐረብ ጠቀለለው። አስነካቸው፤ ቀለበቱ አለ። መሐረቡን አራገፈው፤ የለም። ቀለበቱ በራት ሰዓት ይመለሳል ብሎ እጁን ሊታጠብ ወደ እኔ መጣ። እኔ በአንድ እጄ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳህን፣ ትከሻዬ ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ታጠበ፣ በፎጣው አበሰ፣ ቀለበቱ ፎጣው ውስጥ ቀረ። ዞር ብዬ ሳይ አባቴ ባዶዋን ጣታቸውን በአውራ ጣታቸው ያሻሹ ነበር። አንጀቴን በሉት። ምን ውስጥ ነው የገባሁት አልሁ።

የዶሮ ወጥ እንቁላል መቼም ቅመሙ እንዲገባው በቢላ ጫር ጫር ይደረጋል። ወጥ ቤት ገብቼ አንዱን ጭረት አሰፋሁና አስኳሉን አውጥቼ ቀለበቱን ከተትሁ። አስኳሉን የት እንደማደርገው ጨንቆኝ ራሴ ዋጥሁት፤ ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ ሊገድለኝ ነበር። ከዚያ ትሪውን አቅርቤ እንቁላሉን አባቴ ፊት አስቀመጥሁ። አባቴ እቤት እንቁላል ሲበሉ መጀመሪያ በጣታቸው ለሁለት ይከፍሉታል። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነው፤ ለመምህሩም በልበ ሙሉነት የነገርሁት እኔ ነኝ። ሲከፍሉት ቀለበቱ ቁልጭ ይላል፣ እሱም ሚስጥሩን ያብራራል።

አባቴ አባታችን ሆይ ደገሙ፣ ማዕዱን ባረኩ። ቀና ሲሉ እሱ ጠረጴዛቸው አጠገብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

እስካሁን ሳስበው እስቃለሁ። የጎጃም ልጅ ነኝ፣ የየኔታ ልጅ ነኝ፣ እንዴት ይህን ረሳሁ? አባቴ እቤታቸው ሲበሉና ሰው ድግስ ላይ ሲበሉ አንድ አይደሉም። ድግስ ላይ ቆሞ የሚያስተናግድ ሰው ሳይጎርስ እሳቸው እህል አይቀምሱም። ቢጠሉትም አይቀምሱም፤ ወግ ወግ ነው። እንቁላሉን እንዳለ አነሱት። በእንጀራ ጠቀለሉት። ወጥ አጠቀሱት።

«እንካ» አሉት። ከጥር ወዲህ ለእሱ የወጣች የመጀመሪያ ቃላቸው ነበረች፤ ከአደራዋ ቀጥሎ ማለቴ ነው።

እሱ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። የአባት ጉርሻ አይመለስም፤ እንኳን ልጅ የሚለምን ሰው ማንም አይመልሰውም። አፉን ከፈተ። የአባቴ እጅ ሰፊ ነው፤ እንቁላሉን ከነእንጀራው ከነቀለበቱ ወተፉት። ጉንጩ ተወጠረ። ማኘክ አልቻለ፣ መዋጥ አልቻለ፣ መናገርማ የት አባቱ።

«አንድ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ይኸኛው በርበሬው የበረታ ሥጋ ነበር። እሱንም ተቀበለ። እንባው በጉንጩ ወረደ።

«በል እንግዲህ» አሉ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቀለበቴን።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አባቴ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ዋጠው! አልሁ በሆዴ። የእናቴን ቀለበት ዋጠው፣ አለቀልን። እንቁላሉን ያሰፋሁ እኔ ነኝ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትሁ።

እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጉንጩ ብቻ ያኝክ ነበር። ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። ከዚያ ፊቱን አዞረ፣ በመሐረብ ከልሎ ከአፉ አንድ ነገር አወጣ፣ ከብርጭቆ ውኃ አፍስሶ አጠበው፣ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«የኔታ» አለ በተዘጋ ድምፅ። «አስማት የለም። እንቁላሉ ውስጥ ነበር። እርስዎ ሲከፍሉት ያገኙታል ብዬ ነበር፤ አጎረሱኝ።»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ «ጓዶች፣ ሳይንስ ማለት ይህ ነው» ብሎ አጨበጨበ። ሰዉ ሁሉ መጀመሪያም የታሰበው ትርኢት ይኸው መሰለው፤ ኋላ ሞጣ ላይ ስንት ዓመት ሲያወሩት እኔም አላረምኋቸውም።

አባቴ አልሳቁም። ቀለበቱን ወደ ማሾው አስጠግተው አዩት፣ ጣታቸው ላይ መለሱት። ከዚያ ለምን ያኔውኑ አልተፋኸውም ብለው ጠየቁት።

«የእርስዎን ጉርሻ?» አለ እሱ፣ በጣም ደንግጦ።

ለምንስ አልዋጥኸውም አሉት። አደራ ብለውኝ ነዋ አላቸው።

ያን ጊዜ የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ አክስቴ ዞሩ።

«አፉ ውስጥ ከትቼለት እንኳ አደራ አልበላም» አሏት።

ሁለቱ የቅኔ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። አባቴ የዘረፉት ቅኔ ቁጥር የለውም፤ እኔ ይህችን አንዲቱን ነው በቃሌ የያዝሁት።

ራቱ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ አለቀ። በሩ ላይ እሱ ሊሸኘን ሲወጣ አባቴ ካርቶኑ ሥር ቆሙና ስምህ ማን ነው አሉት። ነገራቸው።

«እሱንማ ይህችኛዋ ስትጠራው ከርማለች» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «የክርስትና ስምህን ነው።»

በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ክፉ ሰው አስማት ይደግምበታል ተብሎ ይፈራል፤ የተማረ ሰውማ አብዝቶ ይፈራል። እኔ ራሴ እሱን ጠይቄው አላውቅም ነበር። እሱ ግን አላመነታም፤ ጎንበስ ብሎ በአባቴ ጆሮ ነገራቸው። አባቴ በከንፈራቸው አንዴ መለሱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደህና እደር እንኳ ሳይሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ንጋት ላይ ከግድግዳው ወዲያ ጸሎት ሲያደርሱ ነቃሁ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የቤታችንን ሰው በየክርስትና ስሙ ይጠራሉ። የእናቴን ጠሩ። የአክስቴን ጠሩ። የእኔን ጠሩ። ከእኔ ቀጥሎ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሰምቼው የማላውቀውን አንድ የወንድ ስም ጠሩ።