«ውጡ» ያሉት ጡሩምባ ነፊ

ይህን ጽሑፍ ላልጽፈው ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በሰው ኀዘን መካከል ተቀምጦ ቃል መምረጥ ነውር መስሎ ታየኝ፤ ደግሞም ከእኔ የተሻለ የሚጽፈው ሰው እንደሚኖር አልተጠራጠርሁም፤ አሁንም አልጠራጠርም። የእኔ ድርሻ አንድ ቅጽ መሙላት ብቻ ነበር፤ እሱንም በጊዜው አልጨረስሁትም። በመጨረሻ የጻፍሁት፣ በዚያ ቅጽ ላይ ባዶ የተውኋቸው ሁለት ቦታዎች እንቅልፍ ስለነሱኝ ነው።

በጥር ወር፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን የተጠለሉ ተፈናቃዮችን እንድንመዘግብ ከተላክነው ተማሪዎች አንዷ ነበርሁ። ሰዎቹ የመጡት ከዞናችን ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ወንዙ ሲሻገሩት ሌላ ክልል ከሚሆንበት፣ ዋርካ ሜዳ ከሚባል የቆላ መንደር ነው። የእንጅባራን ውርጭ አልለመዱትም። ከነብርድ ልብሳቸው ተሰልፈው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ነበር የሚመልሱልኝ።

«ስም?» አልሁ።

«ክንዴ።»

«ዕድሜዎ?»

ሰውየው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «እንቁ፣ ዕድሜዬ ስንት ነው?»

«ስታገባኝ ሃያ አምስት ነኝ ብለኸኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ እንቁ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «እሱ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ደምሪበትና፣ ያን ጊዜ የዋሸኝን አምስት ዓመት ደግሞ ጨምሪበት» አሉ።

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ሃምሳ ሁለት ብዬ ጻፍሁ።

«ሥራ?»

ሳቁ ቆመ። «ገበሬ» አሉ ወይዘሮ እንቁ ቀስ ብለው። አያ ክንዴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ገበሬ መሬት ያለው ነው» አሉ።

ከመጋዘኑ ጥግ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ልጅ የምታጥብ ጥቁር የለበሰች ሴት ሳትዞር ተናገረች፤ «ጡሩምባ ነፊ ብለሽ ጻፊለት! ያን ስሙን ያስጠራውን ሥራ ጻፊለት እንጂ!»

አያ ክንዴ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ቦታውን ባዶ ትቼ፣ ከሥሩ ያለውን «ወርሃዊ ገቢ» የሚለውንም ባዶ ትቼ፣ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ፈሪ ስለሆንሁ ነው። ነገር ግን በየቅዳሜው ተመለስሁ፤ ከዚህ በታች ያለውንም ጥቂት በጥቂት ነገሩኝ።

በዋርካ ሜዳ ኔትዎርክ አይገባም። ሰው ሲሞት የሚያውጀው አንድ ጡሩምባ ነው፤ ረጅም ቀርከሃ፣ ጫፉ ላይ የበሬ ቀንድ የተገጠመለት። አያ ክንዴ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነፍተውታል። ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይነፉና የሟቹን ስም ጠርተው «ውጡ!» ይላሉ። ይህች ቃል ብዙ ትሸከማለች። ሥራህን ተው፣ ነጠላህን ዘቅዝቀህ ልበስ፣ ወደ ዋርካው ና፣ የቀረን ሰው ዕድር ይቀጣዋል ማለት ናት። እሳት ሲነሣ፣ ሌባ ሲመጣ፣ አውሬ ሲገባ ግን ጡሩምባ አይነፋም፤ ያን ጊዜ ኡኡ ይባላል። ጡሩምባ የሞት ብቻ ነው።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተዋል። የሰሙት ወሬ ሐሰት ሆኖ፣ ያልሞተ ሽማግሌ ሞተ ብለው ጠሩ። ሽማግሌውም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር መጡና፣ «እስቲ አልቃሼን ልቁጠር፤ ማን ቀረ?» አሏቸው። መንደሩ በዚህ ለዓመታት ስቋል። አያ ክንዴ ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ጀመሩና መካከል ላይ አቆሙ። ለምን እንዳቆሙ የገባኝ ኋላ ነው።

ያ ቀን ኅዳር ላይ ነበር፤ ዳጉሳ የሚታጨድበት ሰሞን። ጉሙ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ በየማሳው ተበትኖ ነበር። የአያ ክንዴ ቤት ለወንዙ ቅርብ ነው። በሬዎቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ ሲወርዱ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወንዙን ሲሻገሩ አዩ። እስከ አርባ ቆጥረው መቁጠሩን ተዉት። በሬዎቹን ጥለው ወደ ቤት ሮጡ።

«ጩኽ!» አሉ ወይዘሮ እንቁ። «ኡኡ በል!»

«ድምፄ የት ይደርሳል? ሰው እኮ እስከ ጋራው ሥር ተበትኗል!»

ብርድ ይዟቸው ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነበር። ከግድግዳው ላይ ጡሩምባውን አውርደው ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጡ። ነፉ። ከዚያም ባላቸው አቅም «ውጡ! ከመንደር ውጡ! ውጡ!» እያሉ ጮኹ።

ነፋሱ ጡሩምባውንና «ውጡ»ን ብቻ ወሰደ።

በየማሳው ማጭዱ ተቀመጠ። ሴቶች ወደየቤታቸው ገብተው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። አንዳንዷ ለለቅሶ ቤት ብላ እንጀራ በአገልግል ይዛለች። እርስ በርስ «ማን ሞተ?» እየተባባሉ ከተበተኑበት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ዋርካው ተሰበሰቡ። ታጣቂዎቹም የመጡት በዚያው በኩል ነበር።

አያ ክንዴ ከጉብታው ላይ ሆነው አዩ። ይበተኑ ብለው እንደገና ነፉ። በነፉ ቁጥር የዘገየው ሁሉ መሮጥ ጀመረ፤ ዕድሩ እንዳይቀጣው ነው የሚሮጠው። «እኔ ስነፋ ይፈጥናሉ፤ እኔ ስነፋ ይፈጥናሉ» አሉኝ፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደ ደጋገሟት አላውቅም። ከዚያ ተኩሱ ጀመረ፤ እሳቸውም መንፋቱን አቆሙ።

ዋርካው ሥር ዐሥራ አራት ሰው ሞተ። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ለበሱ ነው የተገኙት፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳያውቁ የመጡ የራሳቸው ለቀስተኞች። ከሟቾቹ አንዱ ሽባባው ነበር። መጋዘኑ ጥግ ልጅ ስታጥብ ያየኋት ደብሪቱ ሚስቱ ናት።

አያ ክንዴና ወይዘሮ እንቁ ጫካ ለጫካ ሁለት ቀን ተጉዘው አስፋልት ሲደርሱ፣ ጡሩምባው በሰውየው እጅ ነበር። እንዴት እንደ ያዙት አያስታውሱም። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ከሚተኙበት ላስቲክ ሥር አስቀመጡት። አልጣሉትም፤ አልነኩትምም።

መጋዘኑ ውስጥ ሰዎቹ ዕድራቸውን እንደገና አቋቋሙ። መሬት ቢቀማ፣ ከብት ቢነዳ፣ ሬሳ ያለ ሰው አይቀበርም ብለው ነው። ዳኛው ፀጋው፣ ረጋ ያለ ሰው፣ አያ ክንዴን እንዲነፉ ሁለት ጊዜ ለመናቸው።

«ሌላ ሰው ንፋ በለው» አሉ።

«ሌላ ሰው ማን ያውቃል፣ አያ ክንዴ? ትናንት ጎረምሳው ብሥራት ሞከረና እንደ አህያ አናፋ።»

አልሳቁም። «አፌን ስከትበት ደም ደም ይለኛል» አሉ። ነገሩ በዚሁ ቀረ። በታኅሣሥ አንድ ሽማግሌ ሞቶ ስድስት ሰው ቀበረው፤ የቀረው ሰው የሰማው ከቀብር በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ነበር የሽባባው እናት፣ እማሆይ ሸጋ፣ አልጋ ላይ የዋሉት። አልጋ ስል ካርቶን ማለቴ ነው። ሳንባቸው የደጋው ብርድ ገብቶበታል። በጠየቅኋቸው ቀን እጄን ይዘው፣ መጀመሪያ በአዊኛ፣ እንዳልገባኝ ሲያዩ በአማርኛ፣ «ልጄን ሰው ሳይጠራለት፣ ከሦስት ቀን በኋላ አፈር አለበሱት። እኔን ግን ያለ ጡሩምባ እንዳትቀብሩኝ» አሉ። ደብሪቱ ከአጠገባቸው ነበረች። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጡሩምባ ነፊ አንድ ነው፤ ደብሪቱም ያን ሰው ላታናግር ምላለች። አያ ክንዴም ላይነፉ ምለዋል።

የየካቲት የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጠዋት እማሆይ ሸጋ ዐረፉ። እኔ ስደርስ አያ ክንዴ ከሰል የመጫን የቀን ሥራ ለመሥራት ወደ አዲስ ቅዳም የሚሄድ መኪና እየጠበቁ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ደብሪቱ ከመጋዘኑ ወጥታ በቀጥታ ወደ እሳቸው መጣች።

«ክንዴ» አለች። «አያ» አላለችም። «ያን ቀን ሰው ሳይሞት ጠራኸን። ዛሬ ሞቶልሃል። ሂድና ጥራ።»

«ደብሪቱ፣ እኔ…»

«ይቅርታ ልትለኝ ከሆነ ትንፋሽህን ለጡሩምባው ቆጥበው። ይቅር አልልህም። እሷን ግን እንደዚያ እንደ ሽማግሌው በስድስት ሰው አላስቀብራትም።»

አያ ክንዴ ወደ ወይዘሮ እንቁ ዞሩ። ወይዘሮ እንቁ ቀድመው ገብተው ነበር፤ በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ይዘው ወጡ። «የዚያን ቀን ኡኡ በል አልሁህ፤ አልሰማኸኝም» አሉ። «ዛሬ ንፋ ስልህ ስማኝ።»

የመጀመሪያው ድምፅ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ሜዳውን ሞላው።

ያን ጊዜ የሆነውን ማናችንም አላሰብነውም። ሰዎቹ ሸሹ። እናቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሮጡ። አንድ ሰው አጥሩን ዘሎ ወደቀ፤ ተነሥቶም ሮጠ። የተጣደ ሽሮ ተደፋ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የዋርካ ሜዳ ሰው ጡሩምባ ሲሰማ የሚሄድበትን አቅጣጫ ለውጧል፤ ያኔ ወደ ሞት ጠራቸው፣ አሁን ከለቅሶ አባረራቸው።

አያ ክንዴ ጡሩምባውን ለቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «አየሽ?» አሉ። «አየሽ? አሁንስ አየሽ?»

ደብሪቱ ነጠላዋን አወለቀች፤ ዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ፊት ለፊት እየሄደች መጮኽ ጀመረች፤ «ለቅሶ ነው! አትሩጡ! ለቅሶ ብቻ ነው!» መለስ ብላም «ንፋ እንጂ! ምን ትጎለታለህ?» አለቻቸው።

ተነሥተው ተከተሏት። እሳቸው ይነፋሉ፤ እሷ ከፊት ከፊት «ለቅሶ ብቻ ነው!» ትላለች። አያ ክንዴ የሟቿን ስም ከጠሩ በኋላ አፋቸው «ው» ብሎ ቀረ። ከንፈራቸው እንደ ሾለ ቆሞ አየሁት። ቃሉን ዋጡት። «ኑ» አሉ። «ወደ እማሆይ ሸጋ ኑ።»

ከዛፎቹ መካከል ፀጉሩ ላይ ቅጠል የተሰካ ጎልማሳ ብቅ አለ። «ማን ሞተ?»

«እማሆይ ሸጋ» አለች ደብሪቱ።

«በምን? በሕመም?»

«በሕመም።»

«ተመስገን» አለ ሰውየው። ያለው ሲገባው አፉን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ከኋላው ሌሎችም ወጡ። የእንጅባራ ሰዎችም ጡሩምባውን ሰምተው፣ ሟቿን ሳያውቁ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከየሰፈሩ መጡ። የቀብሩ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ግቢ ሞላ።

ስንመለስ ደብሪቱ ከአያ ክንዴ ጎን ጎን ስትሄድ ቆየች። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ።

«ሽባባው አልሄድም ብሎ ነበር» አለች ድንገት። «ደክሞት ነበር። ልጆቹን እኔ ልያዝ፣ አንተ ቅደም፣ ዕድሩ ይቀጣሃል ብዬ የገፋሁት እኔ ነኝ።»

አያ ክንዴ ቆሙ።

«አትቁም፤ ሂድ» አለች። «ይቅር ያላልሁት አንተን ብቻ እንዳይመስልህ።» ጥቂት ሄዳ ደግሞ፣ «የሚቀጥለው ሰው ሲሞትም ትነፋለህ» አለች። የሚቀጥለው ማን እንደሚሆን ማናችንም አናውቅም። ወደ ዋርካ ሜዳ መመለሻ የለም፤ ብርዱም ገና ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ የሚያስሉት ሰዎች ብዙ ናቸው።

በዚያው ቀን ቅጹን አውጥቼ እንደገና ጠየቅኋቸው።

«ሥራ፣ አያ ክንዴ?»

«ደብሪቱ ያለችሽን ጻፊ» አሉ።

«ወርሃዊ ገቢስ?»

«ገቢ!» ብለው ወይዘሮ እንቁ ሳቁ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ወዲህ በመጋዘኑ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፀጋውን ጠይቄ ሞላሁት። የዕድር ጡሩምባ ነፊ ደመወዝ የለውም። አያ ክንዴ የሚያገኙት የወር መዋጮ አለመክፈል ነው።