ልጄ ይኑር፤ ግን ዝም ይበል

እማማ ሥራነሽ አድሚን የሆኑት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ አበረ አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ሰጣቸው፤ ቴሌግራም ከፍቶም «የአምበር ልጆች መወያያ» ውስጥ አስገባቸው። ያኔ መወያያው በአንድ ነገር ይታመስ ነበር፦ የትውልድ አገራቸው የአምበር ገበያ ይዛወር፣ አይዛወር። ሰው ሁሉ ይሰዳደባል። መወያያውን የከፈተው መምህር ጌቱ፣ «እማማ ሥራነሽ ባሉበት ማን ይሳደባል? አድሚን እናድርጋቸው» አለ። አገር ቤት ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አንዲት እናት ነጠላዋን ይዛ መሀላቸው እንደምትገባው ማለቱ ነው።

እውነትም ጠቀመ። ነገሩ ሲከር እማማ ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ፣ «ኧረ ልጆቼ፣ ስለ ማርያም ተዉ» ይጽፋሉ። ያን ቀን ይበርዳል።

አንድ ጠዋት ግን ምስር ሲለቅሙ ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የጌቱ ነው፦

«እማማ፣ አበረን ሙት ያድርጉልን። እኔ ባደርገው ቂም ይባላል፤ እርስዎ ያድርጉት።»

ከሥሩ ሌላው፣ «አዎ፣ ሙት ይደረግ!» ሌላው ደግሞ፣ «ለዘላለም ሙት ይደረግ!»

ሰፌዱ ከጉልበታቸው ተንሸራተተ። ምስሩን ሳያነሱ፣ የቤት ጫማቸውን እንኳ ሳይለውጡ፣ በባጃጅ አበረ ልብስ ወደሚሰፋበት ሱቅ ከነፉ።

«እማዬ! ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ሊገድሉህ ነው ልጄ። ያውም በእኔ እጅ!»

አበረ ስልኩን ተቀብሎ አነበበና ሜትሩ ከአንገቱ እስኪወድቅ ሳቀ። «እማዬ፣ ሙት እኮ እንግሊዝኛ ነው። እንዳይጽፍ አፉን ዝጉት ማለት ነው።»

«ታዲያ ዝም ይበል አይሉም? ሞትን ምን ያስጠራቸዋል?» ልባቸው ገና አልተመለሰም። «ደግሞስ ምን ብለሃቸው ነው?»

ሳቁ ቆመ። «ፖለቲካ ነው፣ ተይው።»

እሳቸው ግን በጣታቸው ወደ ላይ እየገፉ ፈለጉት፤ አገኙትም። አበረ ጌቱን፣ «ገበያውን የምታዛውረው ለራስህ ቦታ ልትይዝ ነው፤ ሌባ የሌባ ልጅ!» ብሎታል። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የጌቱ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእናትህን ቃሬዛ ከአምበር እስከ ሐኪም ቤት ተሸክሟል።»

«አውቃለሁ።»

«ጌቱን መንገድ ላይ ብታገኘው እንዲህ ትለዋለህ?»

«ኧረ! እንዴት ብዬ? ጉልበት ስሜ ነው የማልፈው።»

«ታዲያ ይሄ የት ነው?» አሉ ስልኩን እያገላበጡ። «እዚህ ውስጥ ያላችሁት እናንተው አይደላችሁም?»

አበረ የስፌት መኪናውን ጎማ በከንቱ ያዞር ጀመር። እማማም ግራ ገባቸው። ዝም ካላሰኙት «ለልጃቸው አደሉ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ «ተዉ» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? ዝም ላሰኘው ቢሉ ደግሞ ያ «ሙት» የሚለው ስሙ ያስፈራል!

«የሚነካው የቱ ጋ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔው ላሳይሽ?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

አበረ የራሱን ስም አውጥቶ፣ የሚነካውን በጣቱ ጠቆመ። እማማ ጣታቸውን አቀረቡና መለሱት።

«ምንም አትሆንም አይደል?»

«ምንም አልሆንም እማዬ። ንኪው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ነኩት። ከዚያ ብዙ ቆይተው እየለቀሙ ጻፉ፦ «ልጄ አበረ ይኑር። እስከ እሑድ ግን ዝም ይበል።»

አሜን፣ አሜን፣ አሜን እየተባለ ወረደ። ጌቱም፣ «አሜን እማማ። ያባቴንም ነፍስ ይማርልኝ» አለ።

አበረ አንገቱን እንደደፋ፣ «አሜን» አለ ቀስ ብሎ።

እማማ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አሜኖቹን አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች ፈለጉ።

«ያንተው የቱ ነው? አላገኘሁትም።»