ከቀን መቁጠሪያው ላይ የተቆረጠው ቃል

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት አቲቆት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቢሮ ነው። የአማርኛና የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ይዘጋጅባት ነበር። አዘጋጁ ጋሼ መኮንን አንድ እሽግ ካርድ ሰጡኝና፣ «ሰውን ምን ትላለህ ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ ያማረውን መርጦ ይነግርሻል። ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝ። የሥራ መጠሪያዬ ቃል ለቃሚ ነበር።

ካርዱ ላይ ቃሉን፣ የተነገረበትን ዓረፍተ ነገርና የሰማሁበትን ቦታ እጽፋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ኩፓት ሖሊም በምንለው ክሊኒክ ሐኪም ስንጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት። እኔ ስጋታም ነኝ፤ ጆሮዬን ስጥል የተነቃብኝ እየመሰለኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ጋሼ መኮንን «ሌባ እንኳ እንዳንቺ አይፈራም» እያሉ ይስቁብኛል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የዓመቱን ቃል እንመርጣለን። ካርዱ በየቃሉ ይደረደራል። በአንድ ቤተሰብ ብቻ የተነገረ ቃል ይወድቃል። አዲስ የመጣ ወይም በዚያ ዓመት ከሰው አፍ ያልጠፋ መሆን አለበት። የተረፉት ጥቂት ቃላት ለሽማግሌዎችና ለወጣቶች ቀርበው ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ያሸነፈው ቃል ቢሮው በሚያሳትመው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አናት ላይ በትልቁ ይወጣል። አንድ ዓመት «ቶር» አሸነፈ፤ ወረፋ ማለት ነው። «ዕድሜያችን ቆመን አለቀ በሉኛ» አሉ ጋሼ መኮንን።

ጦርነቱ የመጣ ዓመት እሳቸው ጡረታ ወጥተው፣ ኃላፊዋ ሺራ ነበረች፤ እዚሁ የተወለደች የጎንደሬዎች ልጅ። በዚያ ዓመት ካርድ መደርደርም አላስፈለገም። «አዛካ» ሳጥኑን ሞልቶት ነበር፤ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ጩኸት ነው። እኔ ራሴ ቃሉን እየጻፍኩ ጮኾብኝ፣ እስክሪብቶዬን ጥዬ ደረጃ ሥር ገብቻለሁ።

ከድምፅ ሰጪዎቹ አንዷ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። ግቫት ጺዮን ሰፈር፣ መጠለያ ክፍል በሌለው አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ይኖራሉ። የልጅ ልጃቸው ዳንኤል ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ግንባር ነበር። እጩ ቃላቱን ሳነብላቸው «አዛካ» ላይ ስደርስ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተይ፣ ይሄን አልመርጥም።»

«ሰው ሁሉ የሚለው እሱን እኮ ነው፣ እማማ።»

«ይበል። ባገራችን ክፉ ቀን ስም የሚወጣለት ካለፈ ወዲያ ነው። መሐሉ ላይ ሆኖ ስም የሚያወጣለት ማን አለ? መጥሪያ ይሆነዋል። ልጄ ሳይገባ ይሄን ግድግዳዬ ላይ እንዳትሰቅይብኝ።»

ያለ እሳቸው ድምፅም ቃሉ አሸነፈ። ያሉኝን ለሺራ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ያዘች።

«እትዬ ብርቱካን፣ ኤን ብሬራ፣ ምርጫ የለንም። ካርዱ ይኸው። ሌላ ቃል ካተምን ዋሸን።»

እውነቷን ነው። እኔም በሥራ ዘመኔ ካርድ ደብቄ አላውቅም። ግን ፈራሁ። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን እኔ የጠራሁበት ሊመስለኝ ነው።

ቀን መቁጠሪያው ታተመ። ለእማማ ጥሩነሽ የሚደርሰውን ለይቼ መቀስ አወጣሁና አናቱን መቁረጥ ጀመርኩ። ሺራ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ለሳቸው ብቻ?»

«ለሳቸው ብቻ።»

«እሺ፣ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው» ብላ ሄደች።

ቁራጩን ለመጣል እጄ እምቢ አለኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ክረምቱን ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ማን እንደሆነ ለማየት እሮጥ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ካልደወሉ እፈራለሁ፤ ከደወሉም እፈራለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ደወሉ።

«ያ የቆረጥሽው ወረቀት ተጥሏል?»

«አልተጣለም» አልኩ።

«አምጪው» ብለው ዘጉት።

ለምን እንደፈለጉት አልነገሩኝም። እስከ ግቫት ጺዮን ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ አውቶቡስ መጠበቅ አልቻልኩም። በሩን ሲከፍቱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ አሉኝ። ከበሩ ሥር አቧራ የጠጣ የወታደር ጫማ ተቀምጧል። ዳንኤል ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እማማ ጥሩነሽ ቁራጩን ተቀብለው ከቀን መቁጠሪያው አናት ላይ በፕላስተር ለጠፉት። ትንሽ ዘመመ።

«አሁን ስሙ ይሄ ይሁን» አሉ በሹክሹክታ።

ይህን ለሺራ ስነግራት አሠራሩን ለወጠችው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን አንድ ዓመት አዘግይተን እናትማለን። ለአዳዲስ ቃል ለቃሚዎችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ካርዱን በየቀኑ ሙሉ፤ ለዓመቱ ግን ሳያልፍ ስም አታውጡለት።