በካርዱ ክፍያ የዘገየሁባቸው ቀናት

የዘገየሁት አራት ቀን ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ስድስት ነው ትላለች። ባንኩ የላከልን ደብዳቤ ዛሬ በእጃችን ስለሌለ ከሁለታችን ማን ትክክል እንደሆነ ማረጋገጥ አልችልም። የክሬዲት ካርዱ ወለድ ከዘጠኝ በመቶ ወደ ሃያ ዘጠኝ መውጣቱን ግን አልጠራጠርም።

ያን ጊዜ የምንኖረው አሜሪካ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አገር ቤት በኢኮኖሚክስ የተመረቅሁት እኔ፣ ዴንቨር መሃል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ትኬት እቆርጣለሁ። ባለቤቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተራ ትሠራለች። በነሐሴ መጨረሻ የነርስነት ትምህርት እንድትጀምርና የሥራ ሰዓቷን በግማሽ እንድትቀንስ ተስማምተን ነበር። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የካርዱ ክፍያ ባለበት ከቆየ፣ በእኔ ደመወዝና በእሷ ግማሽ መኖር እንችላለን። የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

በግንቦት ይሁን በሰኔ መኪናችን ተበላሽታ ስናሠራት ገንዘብ አጠረን። ካርዱንና ከአገር ልጆች ጋር የምጥለውን እቁብ አንድ ላይ መክፈል አልቻልንም። የእቁቡ ዕጣ ቀድሞ ደርሶኝ፣ ገንዘቡን ወስጄ ጨርሼዋለሁ። ዕጣውን የበላ ሰው መዋጮ ሲያቋርጥ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥሬ ገንዘቡን ለእቁቡ ዳኛ አስረከብሁ፤ የካርዱን ክፍያ ደመወዝ እስኪገባ አቆየሁት። ባንክ ሰውን አይታዘብም ብዬ ሳይሆን አይቀርም። ወይም ይህን ምክንያት የፈጠርሁት ኋላ ነው።

ወለዱ መጨመሩን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲመጣ ለባንኩ ደወልሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች። የዘገየሁት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነና ቅጣቱንም እንደከፈልሁ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ ከዚያ ክፍያ ያዘገየ ሰው ወለዱ ከፍ እንደሚልበት የሚደነግገውን የውሉን አንቀጽ አነበበችልኝና ሌላ የምትረዳኝ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ለእቁቡ ዳኛ ነገርኋቸው። ታክሲ የሚነዱ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ።

«አንተ፣ ተምሬአለሁ ትል የለም እንዴ?» አሉኝ። «ባንክ አስቀይመህ ለእኛ ትከፍላለህ?»

«ጋሼ፣ ዕጣ በልቼ እንዴት እቀራለሁ ብዬ ነው።»

«አንድ ቃል ብትነግረኝ ከኪሴ ሸፍኜልህ፣ ደመወዝህ ሲገባ ትሰጠኝ ነበር። ስንቱን ሸፍኛለሁ! እኛ ምን እናደርግሃለን? ብናደርግህ ብናደርግህ ማማት ነው።»

ሳቁ። እኔም አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል።

ይህንኑ ለባለቤቴ ስነግራት የሥራ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ለምን አልነገርካቸውም ታዲያ?»

«አፈርሁ።»

«እነሱን አፈርክ። እኔንስ?»

ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት። በአዲሱ ወለድ በየወሩ የምንችለውን ሁሉ ብንከፍል እንኳ ዋናው ዕዳ ፈቅ አይልም። በዩኒቨርሲቲ ከማንም ቀድሜ የምጨርሰው ዓይነት ሒሳብ ነበር።

ወደ ኮሌጁ ደውላ ምዝገባዋን የሰረዘችው ራሷ ናት። እኔ ልደውልልሽ ብያት ነበር፤ ወይም ልላት አስቤ ብቻ ይሆናል። የመመዝገቢያውን ገንዘብ እንደሚመልሱላት ሲነግሯት ብእርና ወረቀት አነሣች። ከዚያ ብእሩን መልሳ አስቀመጠች፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ተከፈለበት ክሬዲት ካርድ ነው አሏት። አመሰገነቻቸው፣ ስልኩን ዘጋችና የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች።