ገብስማዋን ያከሙልን ሴት

ምራቴ ለበዓል የታረደውን ዶሮ የፈላ ውሃ ውስጥ ስትነክር፣ የራሰው ላባ ሽታ ከማዕድ ቤት ተነስቶ እኔ እስከተቀመጥኩበት በረንዳ ድረስ ይመጣል። ሌላው ሰው በዚህ ሽታ ወጡ ይታወሰዋል፤ እኔ ግን ለብ ያለ የጨው ውሃ፣ በለጋ ቅቤ የወዛ የአሮጊት ጣትና ከጎታ ኋላ ትንፋሹን ውጦ የተኛ ሰው ይታወሰኛል። ይህን ነገር ለልጆቼ ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን ነግሬያቸው አላውቅም፤ አሁን ዕድሜዬም ስለገፋ፣ የሚታዘበኝም ሰው ስላለቀ እንደነበረ ልጻፈው።

ቤታችን ከማንኩሳ ብዙ በማይርቅ መንደር ውስጥ ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ያኔ በሌላ ስም ነበር የምትጠራው፤ እዚያም ቡሬም ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባና፣ እናቴ እኔንና ጡት ያልጣለውን ወንድሜን ይዛ ቀረች። ሰው ሲጠይቃት «ለንግድ ቆላ ወርዶ ቀረ፤ ሞቶም ይሆናል» ትል ነበር። ይህን ስትል የምታፈሰው እንባ የእውነት ስለነበረ አንዳንዴ እኔም አምናት ነበር።

በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ቤቱ በከተተበት ሰዓት፣ ሁለት ጓደኞቹ አባቴን ተሸክመው አመጡት። ጥይት ቅልጥሙን ሰብሮት ነበር። እናቴ በእህል ጎታውና በግድግዳው መካከል በነበረችው ጠባብ ቦታ ሣር ጎዝጉዛ አስተኛችው፤ ወጌሻ መጥራት የማይታሰብ ስለነበረ ቀርከሃ ሰንጥቃ እግሩን ራሷ አሰረችው። የተሰበረ አጥንት በጥሬ እንቁላልና በቅቤ ይጠገናል ይባል ነበር። አባቴ ግን «ጾም አልሽርም» ብሎ አሻፈረኝ ስላለ፣ እናቴ እንቁላሉን ገብስ ውስጥ እየቀበረች የፍልሰታን መፈታት ትጠብቅ ነበር። ከዶሮዎቻችን ያን ክረምት ሳታቋርጥ የምትጥለው ገብስማዋ ብቻ ነበረች፤ ከእሷም ላይ ጭቃ ሹሙ ለምሽጉ መኮንኖች እንቁላል ይሰበስብ ነበር።

እናቴ ድሮም ተጠራጣሪ ነበረች፤ አባቴ ከመጣ በኋላማ ጥላዋንም የማታምን ሆነች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እያለች፣ ሰው ሲመጣ ምን እንደምል፣ ስንት ሆነን እንደምንበላ፣ የትኛውን ዕቃ እንደምደብቅ ታስጠናኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወደድኩት። ደጃፍ ተቀምጬ ማን ወደ ቤታችን እንዳየ፣ ማን ቆም እንዳለ፣ ማን በጓሮ በኩል እንዳለፈ እየያዝኩ እነግራት ነበር፤ እሷም አንገቷን ነቅንቃ ስታዳምጠኝ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ አበባው ገና ሳይረግፍ ገብስማዋ ታመመች። ላባዋን ነፍታ፣ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ፣ ጥግ ይዛ ስታምጥ ዋለች፤ በማግስቱ በእንቁላል መውጫዋ በኩል ቀይ ሥጋ ወጥቶ ሌሎቹ ዶሮዎች ሊነቁሩት ሲያሳድዷት አገኘናት። እናቴ «ዓይን ነው፤ አንድ ሰው አይቷታል» አለች። ጭቃ ሹሙ እንቁላሉን ሊወስድ ሲመጣ ዶሮዋን አሳየችውና እጁን አወናጭፎ፣ «እትዬ ዘውዴን እልክልሻለሁ። የሳቸው እጅ የነካው ዶሮ አይሞትም» ብሎ ሄደ።

እትዬ ዘውዴ ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ዶሮ ማከም ያውቁ ስለነበር መንደሩ ሁሉ የታመመ ዶሮውን በብብቱ ይዞ ይሄድላቸው ነበር። ነገር ግን ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ ለጣሊያን አድሮ ባንዳ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እናቴ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ለእሳቸው ተናግራ አታውቅም። አሁን ደግሞ በጭቃ ሹም ተልከው መጡ።

እናቴ ደጅ ላይ በርጩማ አውጥታ ልታስቀምጣቸው ስትሞክር፣ «ካፊያ ነው የኔ ልጅ፤ ብርድ ከመታት አትተርፍም» ብለው ጎንበስ ብለው ገቡ። ከምድጃው አጠገብ፣ ከጎታው ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ተቀመጡ። ዶሮዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው በጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ የወጣውን ሥጋ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ እያሉ አጠቡት። ከዚያ ጣታቸውን ቅቤ ቀብተው ወደ ውስጥ ዳሰሱና «እንቁላሉ ተጋድሞባታል» አሉ። ሆዷን በሌላው እጃቸው እየደባበሱ፣ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አይዞሽ» እያሉ ብዙ ቆዩ። እኔ የማየው ግን እጃቸውን አልነበረም፤ ዓይናቸውን ነበር።

እንቁላሉ ደም ነክቶት ወጣ። በዚያች ቅጽበት ከጎታው ኋላ የአባቴ ቀርከሃ ሲጥጥ አለ። እናቴ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች፤ እትዬ ዘውዴ ግን ድምፃቸውን ድንገት ከፍ አድርገው፣ «አንቺ ልግመኛ! ጎረቤት ልታስጨርሺ ነው?» እያሉ ዶሮዋን መሳደብ ጀመሩ። ከዚያም ቀዩን ሥጋ ወደ ቦታው መልሰው፣ ተመልሶ እንዳይወጣ በመዳፋቸው ደግፈው ይዘውት ቆዩ።

«አሁን ከሌሎቹ ትለይ» አሉ በመጨረሻ። «እህል ቀንሺላት፣ ጎመን ስጫት፣ የእንቁላል ቅርፊት ቆልተሽ ፈጭተሽ አብሊያት። ጨለማ ቦታ ስትሆን መጣሉን ትተዋለች፤ ውስጧም ያገግማል። ከጎታው ኋላ እንቅብ ድፊባት።»

«አይጥ አለ እትዬ» አለች እናቴ ቶሎ ብላ። «እዚያስ ይጨርሱብኛል።»

«አይጥ ካለማ ይቅር» ብለው ተነሱ። እግራቸው ከደጃፉ ሳይወጣ ዞር ብለው፣ «የተረፈውን ቅቤና ጨው አትድፊው። ቁስል ላለው ሁሉ ይሆናል» አሉ።

እናቴ ዳናቸው እስኪጠፋ ጠብቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ዶሮዋ አንድ ናት። ቁስል ላለው ሁሉ ያሉት ለማን ነው?» አለች። አባቴ ከተኛበት ሆኖ፣ «እኔ ከድምፃቸው ክፋት አልሰማሁም» ሲላት፣ «ባንዳ ያሳደገ እጅ ነው» ብላ አፉን አስያዘችው።

ገብስማዋ ዳነች፤ መስቀል አልፎ ብዙም ሳይቆይ መጣል ጀመረች። እትዬ ዘውዴ እንዴት ሆነች እያሉ ሲመላለሱ እናቴ ዶሮዋን ደጅ ድረስ ይዛ ትወጣላቸው ነበር እንጂ አንድም ቀን ይግቡ አላለቻቸውም። በዚያው ሰሞን ከምሽጉ ወታደሮች መጥተው መንደሩን ቤት ለቤት ሲፈትሹ፣ የጎረቤቶቻችንን ጓዳ ሁሉ በርብረው የኛን ደጃፍ ብቻ ሳይረግጡ አለፉ። ሌላ ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ሸፈነን ብሎ ያመሰግን ነበር። እናቴ ግን በዚያ ቀን ይበልጥ ፈራች። «የሚያልፉን የሚጠብቁት ስላለ ነው። እሱ እስኪሽርና ጓደኞቹ ሊወስዱት እስኪመጡ ነው» አለች፤ እኔም በልቤ ልክ ነሽ አልኳት።

በጥቅምት ጨው ልገዛ ማንኩሳ ገበያ ተላክሁ። በዋርካው ሥር እትዬ ዘውዴ የእንቁላል እንቅባቸውን አስቀምጠው፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ቆመው ነበር። አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠግተው ብዙ አወሩት፤ እሱም ፊቱን አጨማዶ ራሱን ነቀነቀ። ጨዉን እንኳ በቅጡ ሳልመርጥ እየሮጥኩ መጥቼ ለእናቴ ነገርኳት። «እጃቸውን ወደኛ መንደር ዘረጉ» ብዬም ጨመርኩ። ዘርግተው ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ግን እናቴ ዓይኗን አፍጥጣ ስታዳምጠኝ የሚነገረው ነገር እንዲያልቅብኝ አልፈለግሁም።

እናቴ አባቴን ቤቱ ወስዶ እንዲደብቅላት በማግስቱ ለአበልጇ ላከች። አያ ታከለ የወንድሜ ክርስትና አባት ነበር፤ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ይኖር ነበር። በኛ አገር አበልጅ ከወንድም ይበልጣል፤ ወንድም ከወንድሙ በርስት ይጣላል፣ አበልጅ ግን በእግዚአብሔር ፊት የተሳሰረ ነውና አይካካድም። እናቴ የማትጠረጥረው ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፤ ጥላዋንም እንኳ እንደ እሱ አታምነውም ነበር። አያ ታከለ ሰዎች ይዞ በጠራራ ፀሐይ መጣና አባቴን ቃሬዛ ላይ አስተኝተው እስከ ፊቱ በጋቢ ሸፈኑት። ጠበል የሚወሰድ በሽተኛ ማንም ገልጦ አያይም።

አባቴ ከመሸፈኑ በፊት ጠርቶ ግንባሬን ሳመኝ። «እኔ እዚሁ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አላት እናቴን። በእትዬ ዘውዴ ደጅ ስናልፍ ወጥተው ቃሬዛውን አዩና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «የት ልትወስዱት ነው?» አሉ። እናቴ «የአጎቴ ልጅ ነው፤ ጠበል ነው» አለቻቸው። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና የተሸከሙትን ሰዎች አይተው መልሰው ዘጉት። ይህንንም በወንጀላቸው ላይ ጻፍኩባቸው።

ኅዳር ሲገባ፣ ጤፉ ታጭዶ ገና ሳይከመር፣ መርዶው መጣ። ወታደሮቹ ሌላ ቤት ሳይነኩ በቀጥታ አያ ታከለ ቤት ሄደው፣ በቀጥታ ጓዳው ገብተው አባቴን ይዘውት ነበር። ወደ ቡሬ ወሰዱት፤ ከዚያ አልተመለሰም፤ መቃብሩም አይታወቅም። አያ ታከለ ወር ሳይሞላው ሹመት አገኘ። ለለቅሶ ከሁሉ ቀድመው ንፍሮ ይዘው የደረሱት እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ እናቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችባቸው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በአንዱ በጋ፣ እናቴ አጥር ስትጠግን እትዬ ዘውዴ ከማዶ ቆመው ነገሯት። እኔ ጭራሮ አቀብል ስለነበር ሰማሁ። «ሰው እንዳለ የመጀመሪያውን ቀን አውቄያለሁ። ለእህቴ ልጅ ያ ቤት ተስቦ ገብቶበታል፣ ሕፃኑም እናቲቱም ሊሞቱ ነው፣ እንዳትደርሱ ብዬ ነበር የነገርኩት። በየገበያው ሲጠይቀኝ አልሞቱም ወይ እያለ፣ ገና ናቸው እለው ነበር። ላንቺ ብነግርሽ ደግሞ ይበልጥ ትፈሪያለሽ ብዬ ተውሁት። ምነው የኔ ልጅ፣ ምነው ባላነቃነቃችሁት!» እናቴ እሾሁን እንደጨበጠች ቀረች፤ ከመዳፏ ደም ሲወርድ ያየሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ እኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ በቆርቆሮ ቤት፣ በብረት በር ውስጥ እኖራለሁ። ጎረቤት ምግብ ይዞ ሲመጣልኝ አሁንም ከምስጋናው በፊት ምን ፈልጎ ነው የሚለው ይቀድመኛል፤ ልጆቼም በዚህ ይስቁብኛል። እነሱ እንደኛ አይደሉም። አንድ ነገር ሲጠፋ ወይ ሲበላሽ ጥፋተኛውን ሳይለዩ፣ ተጯጩኸው ሳይወጣላቸው፣ ይቅርታም ሳይባባሉ ማዕድ አይቀርቡም። ያኔ በኛ ቤት እንዲህ አልነበረም። እናቴ እስክትሞት ድረስ አባቴን ያስያዘው አበልጇ መሆኑን ስትናገር ኖረች፤ «ወደኛ መንደር እጃቸውን ዘረጉ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» ግን አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ኖሮ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ እላት ነበር።